ከአቡጀዲው በላይ

ቡራዩ ውስጥ የሺጥላን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ጠዋት አርፍዶ የሚነሳ ሰው ነው። የሺጥላ ገና ጎህ ሳይቀድ የፋብሪካውን ሰርቪስ አስነስቶ፣ ሠራተኛውን ከየመንደሩ እየለቀመ፣ በአየር ጤና ዞሮ ሰበታ ያደርሳል። ማታ ደግሞ የወሰደውን ይመልሳል። ይህንን ሲያደርግ ፀጉሩ ሸበተ። ድሮ አውቶብሱ ውስጥ ሬዲዮ እስከ ጥግ ይከፈት ነበር። እንቅልፉን ያልጨረሰ ተሳፋሪ ቢያጉረመርም፣ «ወንድሜ፣ እኔም ከተኛሁ እኮ አብረን ነው የምንተኛው» እያለ ያስቀዋል። ከሐምሌ ወዲህ ግን ሬዲዮው አልተከፈተም። ክፈተው ያለም የለም። ሐዘንተኛ ሾፌር ሬዲዮ ክፈት አይባልም።

ሐምሌ ላይ ሚስቱ ፀዲ ሞተች። ሆዴን አመመኝ ብላ ተኛች፣ ሆስፒታል ገባች፣ በዚያው አልተመለሰችም። ዝናቡ ያለ ፋታ የሚወርድበት ሰሞን ነበር።

የቀብሩን ነገር ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያነሳዋል። ፋብሪካው አውቶብሱን ለቀብር ፈቀደ። ተተኪው ሾፌር ግን አገር ቤት ሄዶ ነበር። «ሌላ ሾፌር ይፈለግ» ተባለ። የሺጥላ «ክላቹ አመል አለው፣ ሌላ ሰው አያውቀውም» አለና ራሱ መሪውን ጨበጠ። ሬሳው በወንበሮቹ መሐል፣ ለቀስተኛው ግራና ቀኝ፣ ባልየው መሪ ላይ። ሰው ደረቱን ይመታል፤ እሱ ማርሽ ይቀይራል። የፀዲ ታላቅ እህት ብርሃነሽ ከሾፌሩ ጀርባ ነበረች። ዳገቱን ሲወጡ ቀና ብላ ከፊት ያለውን መስታወት አየች። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ዓይን መንገዱን ያያል። ደረቅ ነው።

ያችን ዓይን ብርሃነሽ አልረሳቻትም።

እሱ ደግሞ ሐዘኑ የት እንደገባ አያውቅም። ጥርሱን ሊነቅሉት ማደንዘዣ የወጉት ሰው ጉንጩን በጣቱ እየነካ «ይሄ የኔ ነው?» እንደሚለው ነበር። ሰው ሲያጽናናው «አሜን» ይላል። ብላ ሲሉት ይበላል። በላህ ወይ ቢሉት ግን ምን እንደበላ አያስታውስም። ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ጫፉ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው መጥቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ይመስል።

አርባዋ እንደወጣ ብርሃነሽ የአሥር ዓመቷን ልጃቸውን ሩሃማን ይዛ ወደ ቤቷ ወደ ሱሉልታ ሄደች። «አንተ በጨለማ ወጥተህ በጨለማ ትገባለህ፣ ልጅ ለግድግዳ አይተውም» አለች። ልክ ነበረች። መስከረም ሲጠባ እዚያው ትምህርት ቤት አስገባቻት። ሰማንያው ወጣ። ስለ መመለስ የሚያወራ ሰው ጠፋ። የሺጥላ ልጁ እንድትመለስለት ይፈልጋል፤ መፈለጉን የሚያውቀው ግን ልቡ ሳይሆን እጁ ነው። ጠዋት ጠዋት እጁ ሁለት ዳቦ ይቆርጣል። አንዱ ይደርቃል።

እሑድ እሑድ ማታ ይደውላል። ሩሃማ ቁጥብ ልጅ ናት። ደህና ነሽ? ደህና። በላሽ? አዎ። ትምህርት? ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ሁልጊዜ ከራሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር አለ።

«አባ፣ ስፒከሩ ተሰቀለ?»

«ገና።»

«እማ ለእንቁጣጣሽ ብላኝ ነበር እኮ።»

«ገና ነው ሩሁ።»

ይህ የስፒከር ነገር የመጣው ከፀዲ ነው። አንድ ጊዜ፣ በጋብቻቸው በዓል፣ የሺጥላ ከተማ ወስዶ ሲኒማ አሳያት። ዘመናዊ አዳራሽ ነው፤ ድምፁ ከፊትና ከኋላ ብቻ ሳይሆን ከአናት በላይም ይመጣል። ፊልሙ መሐል ሄሊኮፕተር አለፈ። ፀዲ ነጠላዋን ጎትታ ራሷ ላይ ጣለች፤ አጠገቧ የተቀመጠውን የማታውቀውን ሰውዬ አንገትም ይዛ ወደ ታች ደፋችው። ሰውዬው ፊልሙ እስኪያልቅ ሳቀ። እሷ ደግሞ ታክሲ ውስጥ፣ ቤት ስትገባ፣ አልጋ ላይ ሆና ሳቀች። «ከላይ መጣብኝ እኮ የሺ! ከሰማይ!» ስታበቃ «ይሄን ነገር ቤቴ አስገባዋለሁ» አለች።

ቤቴ ያለችው ሳሎን ሶፋ፣ ቡፌና ቴሌቪዥን ይይዛል። ሌላ ነገር ከገባ ሰው ይወጣል። ጥግ ላይ የስፌት መኪናዋ አለ፤ ፀዲ ልብስ ሰፊ ነበረች። ኮርኒሱንም የሰፋችው እሷ ናት። አቡጀዲ ቁራጭ ለቁራጭ ገጥማ፣ በመኪና ሰፍታ፣ ከጣውላው ላይ አስወጠረችው። ቀለም ይቀባ ቢሏት «ቀለም ከተቀባ በምን ላጥበው ነው?» ብላ እምቢ አለች። በየዓመቱ ለፋሲካ አስወርዳ ታጥበዋለች። ጥግ ላይ ያለችው ቡናማ እድፍ ብቻ በረኪናም አላስለቀቃት፤ እዚያ ጋ ጣሪያው ያፈሳል።

ድምፅ የሚያስገባላትን ሰውም ራሷ አገኘችው። ሲላስ ይባላል። ከሆሳዕና መጥቶ ቡራዩ ውስጥ በግንባታ ሥራ የጀመረ፣ አሁን ለፕሮቴስታንት ቸርቾች የድምፅ መሣሪያ የሚዘረጋ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ጎልማሳ። የእሱን ቸርች የመዘምራን ልብስ ፀዲ ሰፋችላቸው። እሱ ደግሞ አራት ትንንሽ ስፒከርና ማጉያውን ፈልጎ አመጣላት። ክረምቱ ሲወጣ ሊሰቅለው ተቃጠሩ። ካርቶኖቹ አልጋ ስር ገቡ። ለቅሶ ተቀምጠው ፍራሽ መሬት ላይ ሲነጠፍ፣ የሚያጽናና ሰው እግሩን ሲዘረጋ ካርቶኖቹን እየረገጠ «ይቅርታ» ይል ነበር።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ ሩሃማ እንደልማዷ ጠየቀች። የሺጥላም «ገና» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ሰለቸው ይሁን ሌላ፣ የወጣው ሌላ ነው።

«ቅዳሜ» አላት።

ስልኩ ውስጥ ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ የእግር ድብደባ፤ ቀጥሎ የብርሃነሽ ድምፅ።

«ምን ብትላት ነው ልጅቷ የምትዘለው?»

«ሲላስ ቅዳሜ ይመጣል እትዬ። ስፒከሩን ይሰቅለዋል።»

ብርሃነሽ ስልኩን ይዛ ከልጅቷ ራቅ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የሺጥላ፣ እህቴ ዓመቷ እንኳን አልወጣም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ጎረቤቶቼ እንኳን በእኔ ምክንያት ድምፅ ይቀንሳሉ። አንተ ባሏ ልታስጨፍር ነው?»

«አላስጨፍርም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አንተ አታለቅስ፣ አትጨፍር!» ተነፈሰች። «ቅዳሜ እመጣለሁ። የእድሩን ዳኛ ኦቦ አበራንም ይዤ ነው የምገባው። የፀዲ ቤት ውስጥ ያ ነገር ሲጮህ ካገኘሁት፣ ሩሃማ የቀረ ልብሷን ትለቅማለች፣ አለቀ። እዚህ ታድጋለች። ልጄ ናት።»

«እሺ እትዬ» አለ።

ለሲላስ ደውሎ ለቅዳሜ ቀጠረውና ብዙ ተቀመጠ። ሲላስን ቢያስቀረው ልጁን «ገና» ሊላት ነው። ባያስቀረው ልጁን ሊያጣት ነው። ነገሩን ወዲህና ወዲያ አገላበጠው፤ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ሆነበት። ሲላስን ሳያስቀረው ቅዳሜ ደረሰ።

ሲላስ መሰላሉን ባጃጅ ላይ አስሮ ከች አለ። አጥር ለአጥር የሚጎራበቱት ዱርሲቱ በርበሬያቸውን ሰሌን ላይ አስጥተው ዶሮ እየከለከሉ ነበር። ዱርሲቱ ያዩትን ሁሉ አስተያየት ሳይሰጡበት ማሳለፍ አይሆንላቸውም።

«አካም ቡልቴ ሲላስ! ዛሬ ደግሞ ጣሪያችንን ልታነሳልን ነው?»

«ነጋ እማማ ዱርሲቱ! ነፋስ ያላነሳውን እኔ አላነሳውም።»

«የሺጥላ፣ በላህ ግን?»

«በላሁ እማማ።»

«ምን በላህ?»

የሺጥላ አሰበ። ዱርሲቱ እስኪያስታውስ አልጠበቁም፤ ቂጣ በሳህን አምጥተው አጥሩ ላይ አስቀመጡለት።

ሲላስ ሳሎን ገባ። ቴሌቪዥኑ በፀዲ ዳንቴል እንደተሸፈነ ነው። አንጋጦ ኮርኒሱን አየ፣ ጡጫውን አንስቶ መታ አደረገው፤ እጁ ትራስ ውስጥ እንደሚገባ ሰረገ።

«ውይ! ችፑድ መስሎኝ ነበር እኮ። ጨርቅ ነው?»

«አቡጀዲ ነው።»

«ጨርቅ ስፒከር አይሸከምም። ግን ጥሩ ነው፣ ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው። ከላይ ወራጁ እንጨት ላይ አስረዋለሁ። ድምፅ ጨርቅን ያልፈዋል፤ ዓይን አያየውም ጆሮ ይሰማዋል።» ከኪሱ ምላጩን አወጣ፤ መሰላሉ ላይ ወጣ። «አራት ቦታ እንዲህ እንዲህ አድርጌ ልቅደደው…»

«አትቅደደው።»

ሲላስ ዞሮ አየው። የሺጥላ ጮሆ አልተናገረም። ግን ሲላስ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ቁርጥ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ስፌቱን እንፍታው። በስፌቱ በኩል ግባ።»

«ጋሼ፣ ያንን ሁሉ ክር ማን ይፈታዋል?»

የሺጥላ ከስፌት መኪናው መሳቢያ የፀዲን የክር መፍቻ አወጣ። ጠረጴዛውን ጎትቶ ወጣበት። ክሩን አንድ በአንድ መንቀስ ጀመረ። አቧራ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ አላሸውም። መሐሉ ቀላል ነው። ጫፉ ጋ ሲደርስ ግን እምቢ አለው። ፀዲ ጫፉን ሁለት ጊዜ ነው የምትመልሰው። ሩሃማን ስታስተምራትም ሰምቷል፤ «ጫፉን ሁለቴ፣ አለበለዚያ ሥራሽ ሁሉ ከዚያ ይጀምርና ይፈታል።» ቀስ ብሎ ፈታው። አቡጀዲው በአራት ቦታ እንደ ከንፈር ተከፈተ።

ሲላስ በአንዱ ራሱን አስገባ። ድምፁ ከላይ መጣ።

«ጋሼ! እዚህ ጥግ ላይ ቆርቆሮው ተበስቶ ሰማይ ይታየኛል! ጣውላውም በስብሷል።»

«ያፈስ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ።»

«ወይ ጌታ! ይሄን ሁሉ ዘመን ሳትደፍኑት?»

የሺጥላ ጠረጴዛው ላይ እንደቆመ አሰበ።

«ሳፋ ነበረን» አለ።

ነበራቸው። ሰማያዊ ሳፋ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ገና መታ መታ ሲያደርገው ፀዲ ትነሳለች፤ ዓይኗን ከፊልሙ ሳትነቅል ሳፋውን ከጓዳ ታመጣና እድፏ ስር ታስቀምጠዋለች። ጠብታው ቀጥ ብሎ ስለማይወርድ በእግሯ ገፋ አድርጋ ትንሽ ወደ ግራ ትወስደዋለች። እሱ ምን ያደርጋል? እንድታልፍ እግሩን ያነሳል። «ነገ እደፍነዋለሁ» ይላል። እሷም «የአንተ ነገ እንደ ሰበታ አስፋልት ነው፣ ሲጠገን ነው የሚበላሸው» ትለዋለች። በዚህ ሁሉ ክረምት ሳፋዋን አንድ ቀን ራሱ አስቀምጧት አያውቅም።

«እዚህ ጥግማ ኤሌክትሪክ አላሳልፍም» አለ ሲላስ ከላይ። «አንዱን ስፒከር ወዲህ ሳብ አደርገዋለሁ። ቀዳዳዋን ግን በሲሊከን ልድፈናት።» ትንሽ ቆይቶ አቧራ የለበሰ ፊቱን ብቅ አደረገ። «አለቀ! ከእንግዲህ ሳፋ አያስፈልጋችሁም።»

የሺጥላ «ተባረክ» አለው።

ስፒከሮቹ ወራጁ ላይ ታሰሩ። ሽቦው በግድግዳው ጥግ ወርዶ ቡፌው ላይ ካለው ማጉያ ጋር ተገናኘ። ሲላስ ካርቶኖቹን እየሰበሰበ ሳለ የውጪው በር ተንኳኳ።

መጀመሪያ የገባችው ሩሃማ ናት። ቁመት ጨምራለች። አባቷን አቅፋው ሳትለቀው አንጋጠጠች።

«የታሉ?»

«ከጨርቁ በላይ ናቸው።»

«አይታዩም እኮ!»

«አይታዩም።»

ብርሃነሽ ከነጥቁር ልብሷ በሩ ላይ ቆማ የተፈታውን ኮርኒስ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከኋላዋ ኦቦ አበራ ከዘራቸውን እያስቀደሙ ገቡ። የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው፤ ሰው ሲሞትም ሰው ሲጣላም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«አካም ጅርታ የሺጥላ።»

«ደህና ነኝ ኦቦ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ሳሎኑ ሞላ። ኦቦ አበራ ሶፋው ላይ፣ ብርሃነሽ አልቀመጥም ብላ ቆማ፣ ሲላስ ከመሰላሉ ጋር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ሩሃማ በሶፋው ክንድ ላይ። ዱርሲቱ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ከደጁ አንገታቸውን አስገብተዋል።

«ኦቦ አበራ፣ ፍረዱኝ» አለች ብርሃነሽ። «እህቴ በእጇ የሰፋችውን ሲቀዳድደው አያችሁ? ሌላው ሰው ለሚስቱ ጥቁር ይለብሳል፣ ይሄ ስፒከር ይሰቅላል!»

«አልተቀደደም እትዬ፣ በስፌቱ ነው የፈታነው» አለ ሲላስ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እናንተ ተዝካር የላችሁ፣ ሙት ዓመት የላችሁ!»

«እህት ብርሃነሽ፣ ልክ ነሽ፣ የለንም» አለ ሲላስ ረጋ ብሎ። «ግን የመዘምራኖቻችን ልብስ ላይ የእሷ እጅ አለ። በየእሑዱ አያታለሁ።»

«ሜ፣ እስቲ ቀስ» አሉ ኦቦ አበራ። «የእኛስ ድንኳን? የእድሩን ድንኳን የጣፈችው እሷ አይደለችም? የራሷ ለቅሶ ላይ የተቀመጥነው እሷ በጣፈችው ስር ነው።» ወደ የሺጥላ ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ?»

«ምንም አልልም።»

«ይኸው!» አለች ብርሃነሽ። «ምንም አይልም! ቀብሯም ዕለት እንዲሁ ነው። እኔ በመስታወቱ ዓይኑን አይቼዋለሁ ኦቦ አበራ። እህቴ ከኋላው ተኝታ እሱ መንገድ ያያል። አንዲት ጠብታ! ልጅቷን ለዚህ ሰው እንዴት ልስጥ? ልቡ ከሌለ ለእሷስ ምን ሊሆናት ነው?»

ሩሃማ ጉልበቷን አየች። የሺጥላ እጆቹን አገላብጦ ተመለከታቸው። ሲናገር የመንገድ ሁኔታ የሚያስረዳ ሰው ይመስል ነበር።

«ዳገቱ ላይ አስፋልቱ ተቆፍሯል እትዬ። በሦስተኛ ማርሽ ከገቡበት ያንገጫግጫል። በሁለተኛ፣ ክላቹን ቀስ ብሎ ለቀቅ… ሌላ ሰው ቢነዳው ያንገጫግጫት ነበር።»

ብርሃነሽ ነጠላዋን አጣፋች፤ ፊቷ ግን አልፈታም። «የሆነው ሆኖ፣ ይሄ ቤት ዓመቷ ሳይወጣ አይጮህም» አለች።

ሲላስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ አንድ ነገር ልናገር። ሳልሞክረው ልዘጋው አልችልም። አንዱ ሽቦ ተገልብጦ ከሆነ፣ ከተሰፋ በኋላ እንደገና መፍታት ነው።»

«ዘፈን ልታሰማን ነው?»

«ዘፈን አይደለም። መዝሙርም አይደለም። ማጉያው የራሱ መሞከሪያ ድምፅ አለው። ሹ… ነው የሚለው። ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም አብረው ይላሉ። አለቀ።»

ኦቦ አበራ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ሹ…ን የከለከለ ሕግ በእድራችን መተዳደሪያ ውስጥ አላየሁም። ልጄ ብርሃነሽ፣ ላይ ያለውን ሳንሰማ እንዴት እንፈርዳለን? ሜ፣ አሰማን።»

«ወይኔ በርበሬዬ፣ ዶሮዋ!» አሉ ዱርሲቱ፤ አንገታቸውን አውጥተው ሮጡ።

ሲላስ ማጉያውን ነካ። በመጀመሪያ ከፊት በስተግራ፣ ከአቡጀዲው በላይ፣ ሹ… የሚል ድምፅ መጣ። ቆመ። በስተቀኝ መጣ። ወደ ኋላ ዞረ። ሩሃማ በጣቷ እየተከተለች «እዚያ! አሁን እዚያ!» ትላለች። ከዚያ አራቱም አብረው ተለቀቁ። ጨርቁ ድምፁን አለሰለሰው። ከቆርቆሮው ስር፣ ከእንጨቱ መሐል፣ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወረደ። ኅዳር ነው፣ ውጪው ፀሐይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ግን ሐምሌ ሆነ።

ከውጪ የዱርሲቱ ጩኸት ተሰማ። «ዝናብ! ኧረ ሰዎች፣ በኅዳር ምን ጉድ ነው! በርበሬዬን አግዙኝ!» ሰሌኑ ሲጎተት፣ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ኦቦ አበራ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ሲላስ ድዱ ታየ። ብርሃነሽ እንኳ የከንፈሯ ጫፍ ሊያመልጣት ነበር።

የሺጥላ ተነሳ።

ማንንም አላየም። በሲላስና በመሰላሉ መሐል አልፎ ጓዳ ገባ። ሰማያዊውን ሳፋ ይዞ ወጣ። እድፏ ስር አስቀመጠው። ከዚያ በእግሩ ገፋ አድርጎ ትንሽ ወደ ግራ ወሰደው። ተመልሶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ።

ሳቁ ቆመ። ሲላስ እጁን ወደ ማጉያው ሰደደና ሳይነካው ተወው። ድምፁ እየወረደ ነው። ሳፋው ባዶ ነው። ሁሉም ሳፋውን ያያሉ።

የሺጥላ ቀና አለ። «ምን ሆናችሁ?» አለ።

ብርሃነሽ ሳፋውን አወቀችው። እህቷ ቤት በመጣች ቁጥር፣ በየክረምቱ፣ ያችን በእግር ገፋ የምትደረግ ሳፋ አይታታለች። ሶፋው ላይ፣ ከየሺጥላ አጠገብ፣ ባዶው ቦታ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። አለቅሳለሁ ብሎ የጠበቀ ይመስል ትንሽ ቆየ፤ ምንም አልመጣም። ብቻ እንዳይጠባት ወደ ዳር ፈቀቅ አለላት።

ሲላስ ድምፁን ዘጋው።

ዱርሲቱ በርበሬ በቀሚሳቸው ታቅፈው በሩ ላይ ደረሱ። «ማል ታኤ? ምን ሆነ? ዝናቡ አባራ እንዴ?» ብለው ሰማይ አዩ፤ ፊታቸው በፀሐይ ተጨማደደ። ማንም አላስረዳቸውም።

ኦቦ አበራ ተነስተው ቆሙ፤ ዳኝነት ተቀምጠው አይሰጡም። «እንግዲህ» አሉ። «ዘፈኑ፣ ፊልሙ፣ ዓመቷ ሲወጣ። እስከዚያ ቴሌቪዥኑ ከነዳንቴሉ ይቀመጥ። የሺጥላ፣ ቶሌ፣ ተስማማህ?»

«ቶሌ ኦቦ።»

«ዝናቡን ግን…» ከዘራቸውን ወደ ኮርኒሱ አነሱ። «ዝናብ ለቅሶ ቤት አይገባም ያለ አባት የለም። ሐምሌ ላይ እኛ ድንኳን ውስጥ ሳለን ማንን አስፈቅዶ ወረደ?» ወደ ብርሃነሽ ጎንበስ አሉ። «የልጅቷን ነገር እኔ አልፈርድም። እሱ የአንቺ ነው።»

ብርሃነሽ ፊቷን ጠርጋ ከነጠላዋ ወጣች። ሳፋውን እንጂ የሺጥላን አላየችም።

«ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ መልቀቂያዋን አወጣለሁ» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል፤ ቁጣው ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣላትም። «አንተ ጠዋት ስትወጣ ማን ይቀሰቅሳታል? እሱን ንገረኝ።»

«እኔ አለሁ አይደል!» አሉ ዱርሲቱ ከበሩ። «እኔ እኮ ዶሮ ሳይቀድመኝ ነው የምነሳ። በዚያ ላይ የምትሰማኝ ልጅ ትሻለኛለች፣ ይሄ ሰውዬ ምን በላህ ስለው ያስባል!»

ሲላስ መሰላሉን አስሮ ሄደ። ኦቦ አበራም ሄዱ። የተፈታው ኮርኒስ ግን ማን ይስፋው? ብርሃነሽ መርፌ ይዛ አታውቅም። ሩሃማ ከእናቷ መሳቢያ ነጭ ክር መዘዘችና ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። አልደርስ አለች፤ በርጩማ ተጨመረላት። ብርሃነሽ ከታች ክር ትቆርጥላታለች፣ በየመሐሉ ትቆጣታለች። «ቀጥ አድርጊው! እናትሽ እንዲህ ጠማማ ሰፍታ ታውቃለች?» የሺጥላ በርጩማው እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ይዟል።

ሩሃማ ከላይ ሆና አየችው። «አባ፣ ሳፋውን ላንሳው?»

«ተይው።»

«ቀዳዳው ተደፍኗል እኮ። ሲላስ ነግሮኛል።»

«አውቃለሁ። ተይው።»

አቡጀዲውን በሁለት ጣቷ ገጥማ መስፋቷን ቀጠለች። ጫፉ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ሁለቴ ነው አይደል?»

«ሁለቴ ነው» አለ የሺጥላ፤ በርጩማውን ጠበቅ አደረገው።